ሩቁ በራልኝ፣ ቅርቡ ጠፋኝ

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ61 ዓመት ሴት ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ በጥልፍ ሥራ ኖሬአለሁ፤ ልጆቼን ያሳደግኩት በመርፌ ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ ሩቅ ያለ ነገር አይታየኝም ነበርና ማይነስ 4 መነጽር አደርጋለሁ። ለሥራ ግን መነጽሬን አውልቄ ጨርቁን ወደ ፊቴ ጠጋ ሳደርገው የክሩ ቃጫ ሳይቀር ይታየኝ ነበር። እኩዮቼ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት የልጅ ልጅ ሲጠሩ እኔ አንድ ጊዜ በምራቅ አሹዬ አስገባ ነበር። አልዋሽም፣ እኮራበት ነበር።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ሁለቱም ዓይኖቼ እየደበዘዙ ሄዱ። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው ተባልኩ። የቀኝ ዓይኔ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው። በማግስቱ ሽፋኑ ሲነሣልኝ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር ድረስ አነበብኩ። ሐኪሙ «በጣም ጥሩ ውጤት ነው» አለኝ፤ ልጄ በደስታ አለቀሰች። እኔም «ተመስገን» ብዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ መርፌዬን ሳነሣ ግን በቀኝ ዓይኔ መርፌም ክርም አልነበረም፤ ጭጋግ ብቻ። ወደ ፊቴ ባስጠጋው፣ ባርቀው አልሆነም። በግራው፣ ባልተሠራው ዓይኔ፣ ደብዘዝ ቢልም አሁንም ክር አስገባለሁ። ለግራው ደግሞ የቀጠሩኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እሱም እንደ ቀኙ ከሆነ እጄ ሥራ ፈታ ማለት ነው። በቀጠሮው ቀን ዝም ብዬ ልቀር አስቤአለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ሌላም አለ። በቀኙ ሳይ ነጭ ጨርቅ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በግራው ሳይ ያው ጨርቅ ጭስ የነካው ይመስላል። በቀኝ በኩል ጥግ ላይ እንደ ማጭድ የተጎበጠ ጥላ አያለሁ። አሮጌ መነጽሬን ሳደርግ ደረጃው ወለም ዘለም ይልብኛል። ጠብታውን በ7ኛው ቀን አቁሜአለሁ፤ ዓይኔ መቅላቱን ትቶ ነበር፤ ጎረቤቴም «ያ መድኃኒት የዓይን ግፊት ያመጣል፤ ሞራው እንደሆነ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም» አሉኝ። ልጄ ይህን አታውቅም። እሷ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ አላጎነብስ፣ አላነብ፣ ፀጉሬን አልታጠብ፣ እንደ ብርጭቆ ተጠቅልዬ ተቀምጫለሁ።

የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «እንኳን ብርሃንሽን አገኘሽ» ይለኛል። ደስ እንዳላለኝ ብናገር ውለታ ቢስ እመስላለሁ። ምን ላድርግ?

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የጨረስኩት የጠረጴዛ ልብስ አለ። ዙሪያውን በጥቁር ክር የጠለፍኩት መስሎኝ ነበር። አሁን በተሠራው ዓይኔ ሳየው ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ባለቤቷ ገና አልወሰደችውም። ልፍታው?

ባለመርፌዋ

መልስ

ውድ ባለመርፌዋ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዋናው ጭንቀትዎ የመርፌው ነገር መሆኑ ገብቶኛል፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን እርስዎ በአንድ መስመር ነካ አድርገው ያለፉትን ነገር ላንሣ፤ እሱ እስከ ቀጠሮዎ ቀን የሚቆይ አይደለም።

ጠብታው ነው። ጎረቤትዎ የተናገሩት ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚታዘዙት ጠብታዎች አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል የዓይንን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ ስቴሮይድ ደግሞ ለሳምንታት ሲወሰድ በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይንን የውስጥ ግፊት ከፍ ያደርጋል። በክትትል ቀን ግፊቱን የሚለኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ጎረቤትዎ ያልነገሩዎት ግን ጠብታው ለምን እንደተሰጠ ነው። ዓይን ከውጭ ነጭ ሆኖ ከውስጥ ገና ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ስቴሮይዱ ብዙ ጊዜ ለአራት ሳምንት ያህል እየተቀነሰ ይወሰዳል፤ መሃል ላይ ሲቋረጥ የበረደው ቁጣ ሊያገረሽ ይችላል። አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ የሬቲናው፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ መሃል ያብጥና ጠርቶ የነበረው እይታ ይደበዝዛል። የተሕዋስያን መከላከያው ጠብታ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ ስለሆነ እሱን ጨርሰውት ይሆናል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ብልቃጦቹን የሚያይ ሰው ይንገርዎ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ወደ ታከሙበት ቦታ ይደውሉ፤ ካልሆነም ነገ ጠዋት ብልቃጦቹን ይዘው ይሂዱ። የሚሉት ነገር አጭር ነው፦ «ከ7ኛው ቀን ጀምሮ ጠብታውን አቁሜአለሁ፤ አሁን ምን ላድርግ?» ያመለጠዎትን ለማካካስ በራስዎ ደርበው አይጨምሩ። ቆጣ የሚል ሰው ይገጥምዎት ይሆናል፤ ቁጣው ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። እንደገና ጀምሩ ካሉዎትና ጠብታዎቹ ሁለት ከሆኑ በመካከላቸው አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል። የብልቃጡ አፍ ሽፋሽፍትዎንም ጣትዎንም አይንካ።

ሞራው ተመልሶ ይመጣል ላሉት፦ አይመጣም። የደፈረሰው የራስዎ ሌንስ ወጥቷል፤ ሰው ሠራሹ ደግሞ ሞራ አያወጣም። አንዳንድ ሰው ላይ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ አዲሱን ሌንስ ያቀፈው ስስ ከረጢት ይደፈርሳል። ሰዎች «ተመለሰብኝ» የሚሉት ይህን ነው፤ በጥቂት ደቂቃ የሌዘር ሕክምና ይጠራል።

አሁን ወደ መርፌው።

ሐኪሙ «በጣም ጥሩ ውጤት» ሲልዎት አልዋሸም፤ እርስዎም ቤት ገብተው ሲደነግጡ አልተሳሳቱም። ሁለታችሁ የለካችሁት የተለያየ ነገር ነው። ያ ሰሌዳ የሚለካው ስድስት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለውን እይታ ነው። የእርስዎ ሥራ ያለው ደግሞ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ይህን ቁጥር ከየት አመጣሁት? ከመነጽርዎ ነው። ማይነስ 4 የሆነ ዓይን ያለ መነጽር ጥርት አድርጎ የሚያየው ልክ ሩብ ሜትር ላይ ያለውን ነገር ነው። ሩቁን የከለከለዎትና ቅርቡን የሰጠዎት አንድ ነገር ነበር። እኩዮችዎ የልጅ ልጅ ሲጠሩ እርስዎ ክር የሚያስገቡት ዓይንዎ ከእነሱ ዓይን ያላረጀ ሆኖ አይደለም፤ ከተፈጥሮው ለቅርብ የተቃኘ ስለነበረ ነው።

በቀዶ ሕክምናው የገባልዎት ሌንስ የሚመረጠው ዓይን አስቀድሞ ተለክቶ ነው። የተለመደው ዓይነት አንድ ርቀት ላይ ብቻ ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ወደ ቅርብ ለማየት ራሱን አይለውጥም። ለእርስዎ የተመረጠው ሩቁን እንዲያሳይ ሆኖ ይመስላል፤ ለብዙ ሰው የሚመረጠውም እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለቅርብ ሥራ የንባብ መነጽር ያስፈልጋል። ዕድሜውን ሙሉ ሩቅ በደንብ ላየ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ከ45 ዓመቱ ጀምሮ የንባብ መነጽር ለምዷል። ለእርስዎ ግን መቀማት ነው። ማንም «ይህን ያጣሉ» ብሎ ነግሮዎት ይሆን? ምናልባት ከብዙ ነገር መካከል በጥድፊያ ተነግሮዎት ይሆናል፤ ምናልባትም አልተነገረዎትም ይሆናል። ባይነገርዎ ማዘንዎ ይገባል። እኔም ብሆን አዝን ነበር።

ታዲያ እጅዎ ሥራ ፈቷል ማለት ነው? አይደለም። የዓይንዎ ቁስል ጠግጎ ልኬቱ ሲረጋ፣ ማለትም ከቀዶ ሕክምናው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ለሥራዎ ርቀት ተለክቶ የሚሠራ መነጽር ይታዘዝልዎታል። በእርሱ ውስጥ የሚያዩት የክር ቃጫ ባለፉት ሁለት ዓመታት በሞራ ውስጥ ካዩት ሁሉ የጠራ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ቀድሞ ለመሥራት መነጽር ያወልቁ ነበር፤ አሁን ያደርጋሉ። ትንሽ ነገር ነው ብዬ ላቃልልብዎት አልፈልግም፤ በ61 ዓመት እጅ የለመደውን መለወጥ ያናድዳል።

ስለ ግራው ዓይን ያሰቡትን ግን ላስቆምዎ። ዝም ብሎ መቅረቱን ማለቴ ነው። ማዘግየት መብትዎ ነው፤ የዓይን ሞራ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ወራት ቢቆይ የሚከፋ በሽታ አይደለም። በጣም ከቆየ ግን እየጠነከረ ይሄድና ማውጣቱ ይከብዳል። ዝም ብለው ከቀሩ የሚያጡት ከዚህ የሚበልጥ ነገር ነው፦ ለግራው የሚገባው ሌንስ ገና አልገባም። ቅሬታዎን ወደ ጥያቄ ለመለወጥ ሦስት ሳምንት አለዎት።

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ግራው ለየትኛው ርቀት ይሁን?» አንደኛው መንገድ እንደ ቀኙ ለሩቅ ማድረግ ነው። ሁለቱ ዓይኖች አብረው ይሠራሉ፤ ርቀትና ጥልቀት መለካት ይቀላል፤ ለመርፌ መነጽር ያደርጋሉ። ሌላው መንገድ ቀኙን ለሩቅ ትቶ ግራውን ሆን ብሎ በመጠኑ ለቅርብ ማድረግ ነው። አንዳንድ ሰው በዚህ በጣም ይደሰታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱ ዓይኖቹ ሳይስማሙለት ይኖራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በበዛ ቁጥር መላመዱ ይከብዳልና፣ የድሮውን 25 ሳንቲ ሜትር እንዳለ ይመልሱልኛል ብለው አይጠብቁ። ግማሽ ሜትር አካባቢ ያለውን፣ ምናልባትም ትንሽ ጠጋ ያለውን፣ ያለ መነጽር ማየት ሊሆን ይችላል፤ ለረቂቅ ጥልፍ ግን ያኔም መነጽር ሊያስፈልግ ይችላል። ሩቅንም ቅርብንም በአንድ ላይ የሚያሳዩ ሌንሶችም አሉ። ይጠይቁ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ያሳያሉ፣ የነገሮችንም ጉልህነት በጥቂቱ ይቀንሳሉ። ጥቁርን ከጥቁር ሰማያዊ ለይታ ለምትኖር ሴት እኔ ብሆን አልቸኩልባቸውም ነበር።

እርስዎ በአሁኑ ሰዓት አንዱ ዓይንዎ ለሩቅ፣ ሌላው ለቅርብ ሆኖ ነው የሚኖሩት፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። ሳያስቡት እየሞከሩት ነው ማለት ይቻላል። መነጽር ሳያደርጉ ቤት ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ምን ይሰማዎታል? ያደክምዎታል ወይስ ረስተውት ይውላሉ? መልስዎን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ከብዙ መሣሪያ የማያገኘው መረጃ ነው።

ከቀጠሮው በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። እንደ ወትሮው ተቀምጠው ጨርቅዎን ይያዙ፤ ልጅዎ በስፌት ሜትር ከዓይንዎ እስከ መርፌው ያለውን ትለካልዎ። ቁጥሩን ይጻፉት። ከዚያ የጀመሩትን ጥልፍ ከነመርፌው በቦርሳ ይዘው ይሂዱና ከሐኪሙ ፊት አውጥተው «እኔ የምኖረው እዚህ ርቀት ላይ ነው» ይበሉት። «በደንብ አይታየኝም» ቢሉት ወደ ሰሌዳው ይመልስዎታል፤ ጨርቁን ይዘው ቢያሳዩት ግን የት ላይ እንደተቸገሩ ራሱ ያየዋል። የቀኙ ዓይን ውጤት ከረጋ በኋላ መለካቱ ለግራው ሌንስ ምርጫ ይረዳልና፣ ሦስት ሳምንቱ አጥሮ ከተሰማዎት ጥቂት ሳምንት እንዲጨመርልዎ መጠየቅም ይችላሉ።

እስከዚያ ድረስ መሥራት ይችሉ ይሆን ብለው ሳይሰጉ አልቀሩም። ልጅዎ ትከራከረኝ ይሆናል፤ ግን ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየት፣ መስፋት የተሠራን ዓይን አይጎዳም። ዓይን ቢያይ አይቆስልም፤ ቢደክም ነው። በግራ ዓይንዎ፣ በጥሩ ብርሃን፣ አጭር አጭር እያደረጉ ይሥሩ። ለቀኙ ከፈለጉ ያለ ትእዛዝ የሚሸጥ ፕላስ 2.5 ወይም 3 የንባብ መነጽር ለጊዜው መሞከር ይቻላል፤ አይጎዳም። ግራውን ግን ስለሚያደበዝዘው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጠራሉ ብለው አይጠብቁ።

ደረጃው የሚዋልልብዎትም ከዚሁ የተነሣ ነው። አሮጌው መነጽር ለቀኙ ዓይን አሁን ሐሰተኛ ነው። የቀኙን ብርጭቆ ማስወጣት ይቻላል፤ ለአንዳንድ ሰው ይበቃል። እንደ እርስዎ ልዩነቱ አራት ሲደርስ ግን አንዱ ዓይን ከሌላው ያነሰ ምስል ስለሚያይ ብዙ ሰው ይዞረዋል። በግራው ላይ ለጊዜው ኮንታክት ሌንስ ማድረግ ይህን ያቀልላል፤ ይጠይቁበት። ካልሆነ ለመራመድ መነጽሩን ተዉትና በቀኙ ይመሩ፤ የደረጃ መደገፊያ ይያዙ፤ ማታ መብራት ሳያበሩ አይነሡ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ መኪና አይንዱ። በዚህ ጊዜ መውደቅ ከዓይኑ ሕመም ይልቅ ያሰጋኛል።

ስለ ቀለሙ ስጽፍልዎ ደስ እያለኝ ነው። የተፈጥሮ ሌንሳችን ከዕድሜ ጋር ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ያዘነብላል፤ ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀራል። ለውጡ ቀስ በቀስ ስለሆነ አናውቀውም። አሁን ቀኝ ዓይንዎ ያ መጋረጃ ወርዶለት ሰማያዊውን ከነሙሉ ኃይሉ ያያል፤ ግራው አሁንም በቢጫ ውስጥ ነው። የተሳሳተው ቀኙ አይደለም። በሳምንታትና በወራት ውስጥ አእምሮ ይላመደዋል፤ ግራው ሲሠራ ደግሞ ማወዳደሪያው ራሱ ይጠፋል። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ በ1923 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ82 ዓመቱ፣ የቀኝ ዓይኑን ተሠርቶ ልክ እንደ እርስዎ ተማርሮ ነበር፦ አንዴ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ሆነብኝ፣ አንዴ ቢጫ ሆነብኝ እያለ። ባለቀለም መነጽሮች ተሠሩለት። ግራ ዓይኑን ግን እምቢ ብሎ ሳያሠራ ቀረ። በእርሱ አይፍረዱ፤ በዚያ ዘመን ዓይን ውስጥ የሚተከል ሌንስ አልነበረም፤ በወጣው ምትክ ወፍራም መነጽር ነበር የሚሰጠው። እርስዎ ያለዎት ምርጫ ለእርሱ አልቀረበለትም። ለጊዜው ክር ሲመርጡ በቀን ብርሃን፣ ግራ ዓይንዎን በእጅዎ ሸፍነው፣ በተሠራው ይምረጡ። ቅርቡ ቢደበዝዝበትም ቀለሙን አይሳሳትም።

ማጭድ የመሰለው ጥላ አዲስ ሌንስ ያስገቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ነው። ብርሃን በሌንሱ ጠርዝ በኩል ሲያልፍ የሚፈጠር ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ወይም በወራት እየሳሳ ይሄዳል። ነገር ግን ስለ ጠብታው ሲሄዱ ይህንንም ይንገሯቸውና ብሌንዎን አስፍተው ሬቲናዎን ይዩልዎ። ይህን በአጽንዖት የምለው ማይነስ መነጽር የሚያደርግ ሰው ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሬቲናው የመላቀቅ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ስለሚል ነው። ባለበት የረጋ ጥላ አንድ ነገር ነው። ጥላው እየሰፋ ወደ መሃል ከመጣ፣ እንደ መጋረጃ ከወረደ፣ መብረቅ የመሰለ ብልጭታ ካዩ ወይም በድንገት ጥቁር ነጠብጣቦች ከበዙ ሌላ ነገር ነውና በዚያው ቀን ይሂዱ። እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ነጭ ሆኖ የነበረ ዓይን እንደገና መቅላት፣ መግል፣ ጠርቶ የነበረ እይታ መደብዘዝ፣ ከማቅለሽለሽ ጋር የሚመጣ የዓይን ሕመምም እንዲሁ። ሌሊትም ቢሆን አይጠብቁ። የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ሰዓታት ለውጥ ያመጣሉ። አሸዋ የገባ የሚመስል ስሜት፣ ማሳከክ፣ እንባ ግን ሌላ ነው፤ ዓይኑ ሲደርቅ የሚመጣ ሲሆን ጥቂት ወራት ሊቆይ ይችላል። ምንም ቢበላዎ አይሹት።

ልጅዎን በተመለከተ፣ እማዬ ዳግም እንዳትታወር ብላ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት የነበራት ጥንቃቄ ልክ ነበር፤ ያኔ ማታ መከላከያ ማድረግ፣ ሸክም አለማንሣት፣ ወደ ታች አለማጎንበስ ያስፈልግ ነበር። በ12ኛው ቀን ግን ቀላል የቤት ሥራ መሥራትና መራመድ ይችላሉ። ፀጉርዎን ራስዎን ወደ ኋላ አዘንብለው፣ ውሃና ሳሙና ወደ ዓይን እንዳይወርድ አድርገው ይታጠቡ። ከባድ ሸክም፣ ዋና፣ አቧራና ጭስ፣ የዓይን ኩል ለጥቂት ሳምንታት ይቆዩ። ክርክሩን ለማሳጠር ወደ ቀጠሮው ይዘዋት ይግቡና የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን ከሐኪሙ አፍ ትስማ። ጠብታውን ማቆምዎን ግን ከዚያ በፊት፣ ቤት ውስጥ፣ እርስዎ ይንገሯት። ሐኪም ቤት ከሰው ፊት ብትሰማው ታፍራለች፤ ከእርስዎ ብትሰማው ግን ሰዓት ጠብቃ ጠብታ የምታደርግልዎት ረዳት ያገኛሉ። መቆጣቷ ካልቀረ በቁጣዋ ያንን ትሥራበት።

ውለታ ቢስነት ላሉት ደግሞ፣ እንኳን ብርሃንሽን አገኘሽ ለሚልዎት ሰው «አሜን» ማለት ይበቃል፤ የመንገድ ሰላምታ ነው፤ የዓይን ምርመራ አይደለም። ለሐኪሙ ግን «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብለው አይውጡ። ባለፈው ያሉት እሱን ነው፤ እሱም ወረቀቱ ላይ ደህና ናት ብሎ ጽፎ ይሆናል። ሩቁ ስለበራልዎት ደስ ብሎዎት፣ ቅርቡ ስለጠፋዎት ደግሞ ከፍቶዎት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይንገሩት።

የጠረጴዛውን ልብስ አይፍቱት። ቢያንስ አሁን አይፍቱት፤ በዚህ ሰሞን ጥልፍ መፍታት ከመጥለፍ ይብሳል፣ መቀሱ ጨርቁን ይበላል። ባለቤቷን ይጥሯትና በመስኮት ብርሃን ዘርግተው ያሳዩዋት፤ ለምን እንደሆነም ይንገሯት። ጥቁሩና ጥቁር ሰማያዊው የተገናኙበት ቦታ ምን ይመስላል? በአንድ ጎን አልቆ በሌላው የሚጀምር ከሆነ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ሊመስልም ይችላል። ትወደው ይሆናል። ካልወደደችው ደግሞ አዲሱ መነጽርዎ እስኪደርስ ትጠብቅ።